የባለ ጥፍሩ ትከሻ

በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደግን ሰዎች አንድ የማይሻር ሕግ ነበረን፤ አክተር አይሞትም። ጥይት ቢዘንብበት፣ ከገደል ቢወረወር፣ ድልድይ ቢደረመስበት አቧራውን አራግፎ ይነሳል። የሚሞተው ጓደኛው ነው፤ ጓደኛው ካልሞተማ አክተሩ በምን ይናደዳል? ስለዚህ ፊልም ሲጀምር የመጀመሪያ ሥራችን አክተሩን መለየት ነበር። እሱ ከታወቀ በኋላ ልብ አርፎ ሱፍ መፈልፈል ይቻላል።

«ኤ ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» ይህን ሕግ ነው ያፈረሰብን። ፊልሙ ሲከፈት የሌሊት ልብስ የለበሰች ቲና የምትባል ልጅ ቱቦና እንፋሎት በሞላው ጨለማ ውስጥ ስትሸሽ እናያለን። ካሜራው ከእሷ አይለይም። በቃ እሷ ናት ብለን ተስማማን። ፊልሙ ገና ሳይሞቅ ቲና በገዛ ቤቷ ግድግዳውን እየተጎተተች ጣሪያ ላይ ወጥታ ሞተች። ደነገጥን፤ ግን መጽናኛ አላጣንም። ግሌን የሚባል መልከ መልካም፣ ረጋ ያለ ልጅ አለ። እንግዲያው አክተሩ እሱ መሆን አለበት። ያ ልጅ ጆኒ ዴፕ ነበር፤ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፤ ከመካከላችን ስሙን የሚያውቅ ግን አልነበረም። እሱንም የተኛበት አልጋ ዋጠውና ደሙን ወደ ጣሪያ ተፋው። ይሄኔ ከኋላ አግዳሚ ወንበር አንዱ፣ «ኧረ አክተሩ እኮ ገዳዩ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ፊልም ብዙ አንብቤአለሁ፤ ካነበብኩት ሁሉ ግን የዚያ ልጅ ጩኸት ይበልጥብኛል። ገዳዩን የተጫወተው ሮበርት ኢንግሉንድ ይባላል። 91 ደቂቃ ከሚፈጀው ፊልም ውስጥ እሱ የሚታየው ሁሉ ተደምሮ ከ7 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ፊልሙ ግን የእሱ ነው።

ላላየ አንባቢ ታሪኩን በአጭሩ ልንገር። በአንዲት የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩ አራት ወጣቶች አንድ ዓይነት ቅዠት ያያሉ። ፊቱ በእሳት የተጠበሰ፣ ያደፈ ባርኔጣ የደፋ፣ ቀይና አረንጓዴ መስመር ያለው የተቦጫጨቀ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ፣ ጣቶቹ ላይ ቢላ የተገጠመበት ጓንት አጥልቆ ያሳድዳቸዋል። በሕልም የወጋው በእውን ይሞታል። መተኛት ሞት ነው፤ አለመተኛት ደግሞ አይቻልም። ሰውዬው ፍሬድ ክሩገር ይባላል፤ እኛ ፍሬዲ እንለዋለን። በሕይወት ሳለ ሕፃናትን የፈጀ፣ ተይዞ ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ በአንድ ወረቀት ፊርማ ጉድለት የተለቀቀ፣ ከዚያ የሰፈሩ ወላጆች ተሰባስበው ከነሕይወቱ ያቃጠሉት ነፍሰ ገዳይ ነው። ወላጆቹ ይህን ለልጆቻቸው አልነገሩም።

ቢላ የያዘ ሰው ወጣቶችን አንድ በአንድ የሚጨርስበትን እንዲህ ያለውን ፊልም አሜሪካኖቹ ስላሸር ይሉታል። (የፊልሞቹን ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1978 ጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን»ን በ300 ሺህ ዶላር ገደማ ሠርቶ ብዙ እጥፍ ካተረፈ በኋላ፣ ጭንብልና ቢላ መግዛት የሚችል ሁሉ ወደ ገበያው ገባ። በ1984 ሰዉ ጠግቦ ነበር። ደራሲና ዳይሬክተር ዌስ ክሬቨን የሕልሙን ታሪክ ይዞ ትልልቆቹን ስቱዲዮዎች ቢያንኳኳም እሺ ያለው አላገኘም። በመጨረሻ የተቀበለው ሮበርት ሼይ ነው። ሼይ በ1967 ኒው ዮርክ በሚገኝ አፓርታማው ውስጥ ኒው ላይን ሲኒማ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ፣ ለዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ፊልም እያከፋፈለ የሚኖር ሰው ነበር። የተገኘው ገንዘብ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው። በሎስ አንጀለስ አንድ ወር በሚሆን ጊዜ ቀረጹት፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ለሕዝብ ቀረበ፤ በአሜሪካ ብቻ 25 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ኒው ላይንን ሆሊውድ እስከ ዛሬ «ፍሬዲ የሠራው ቤት» ይለዋል። በ2004 «የቀለበቶቹ ጌታ» ሦስተኛው ክፍል 11 ኦስካር ሲወስድ ፊልሙን ያወጣው ይኸው ቤት ነው። ሐር የለበሰው ድግስ በዚያ በተቦጫጨቀ ሹራብ የተጀመረ ነው።

እኛ ጋ የደረሰው ዘግይቶ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ነው። ሰፈሬ ጉለሌ ነው። ቪዲዮ ቤቱ የአንድ ግቢ ሰርቪስ ክፍል ነበር፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተከልሏል፤ ቴሌቪዥኑ ከፍ ካለ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ዴኩ በጥልፍ ጨርቅ ይሸፈናል። መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም፣ መሬት ለሚቀመጥ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ጠባይ። ደጁ ላይ በጥቁር ሰሌዳ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል፤ ይህን ፊልም «ባለ ጥፍሩ» ብለው ጽፈውት ነበርና ስሙ ሰፈራችን ውስጥ እንደዚያው ቀረ። እንግሊዝኛውን የሚተረጉም አንድ ከፍ ያለ ክፍል የሚማር ልጅ ነበረን፤ ገባው አልገባው ይተረጉማል። ራምቦን ከራምቦ የበለጠ ያናገረው ይህ ልጅ ነው። ፍሬዲ ሲመጣ ግን ዝም አለ። ሰውዬው ጥቂት ነው የሚናገረው፤ ሳቁ ደግሞ አስተርጓሚ አይሻም።

ካሴቱ ከካሴት የተቀዳ፣ ያም ከሌላ ካሴት የተቀዳ ነበር። ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ባርኔጣና ብልጭ የሚል ብረት ብቻ ነው፤ የቀረው በረዶ ነው። በኋላ ንጹሑን ቅጂ ሳይ አንዳንድ ቦታ ላይ ቅር ብሎኛል። የጎደለውን የምንሞላው እኛ ነበርና፣ እኛ ደግሞ ከሆሊውድ ይበልጥ ጨካኞች ነበርን።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረም። ሌሊት እየጮህኩ ስነሳ አያቴ መጣች። «ምን ሆንክ ልጄ?» «ሕልም አየሁ እማማ፤ ሰውዬ መጣብኝ።» «ዱካክ ነው፤ አይዞህ» አለችና ማማተብ አስጀመረችኝ። ከዚያ ማድ ቤት ገብታ የሽንኩርት ቢላዋውን አመጣችና ትራሴ ሥር አደረገችው። ዱካክ ብረት ይፈራል። እሷ ጧፏን አጥፍታ ስትሄድ እኔ ጨለማ ውስጥ ዓይኔን አፍጥጬ፣ የምፈራው ሰውዬ በጣቶቹ የሚሸከመውን ዕቃ እሷ በእጇ አምጥታ ከጭንቅላቴ ሥር እንዳስቀመጠችልኝ አስብ ነበር።

ይህን የምተርከው ለሳቅ ብቻ አይደለም። ክሬቨን ሐሳቡን ያገኘው ከጋዜጣ እንደሆነ በተለያየ ጊዜ ተናግሯል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጦርነት ሸሽተው አሜሪካ ከገቡ ስደተኞች መካከል ጤነኛ የሚባሉ ወጣት ወንዶች በተኙበት እየሞቱ ይገኙ ነበር። «ሎስ አንጀለስ ታይምስ» ካወጣቸው ታሪኮች አንዱ ስለ አንድ ልጅ ነበር። ልጁ ከተኛሁ የሚያሳድደኝ ነገር ይይዘኛል ብሎ ለቀናት አልተኛም። በመጨረሻ እንቅልፍ ጣለው፤ ቤተሰቡ ደግ ሆነ ብለው ደስ አላቸው፤ ሌሊት ጩኸት ሰምተው ሲሮጡ ሞቶ አገኙት። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቡና ማፍያ ደብቆ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ናንሲ የምትባለው ልጅ ቡና ማፍያ የምትደብቀው ከዚያ የመጣ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የላኦስ ተራሮች ሕዝብ ከሆኑት ከሞንጎች ወገን ናቸው። ሞንጎች ሌሊት ደረት ላይ ወጥቶ ትንፋሽ የሚያፍን መንፈስ አለ ብለው ያምናሉ፤ በአገራቸው ሳሉ መሥዋዕትና ሥርዓት እያደረጉ ያባርሩት ነበር። ስደት ላይ ያ ሁሉ ቀረ። ሐኪሞች በኋላ የልብ ምት መዛባት ነው ብለዋል፤ ሊሆን ይችላል። አያቴ ግን ሞንጎቹን ብታገኛቸው ያለ አስተርጓሚ ይግባቡ ነበር።

እንግዲህ ኢንግሉንድ። በ1947 በካሊፎርኒያ ግሌንዴል የተወለደ፣ ሚሺጋን ሄዶ ትያትር የተማረ፣ ሼክስፒርን በመድረክ የተጫወተ ሰው ነው። ሆሊውድ መልኩን አየና የዋናው ሰውዬ ጓደኛ፣ የገጠር ልጅ፣ አጃቢ አደረገው። «ስታር ዋርስ» ሰው ሲመለምል ጓደኛውን ማርክ ሃሚልን ሂድ ሞክር ያልኩት እኔ ነኝ ብሎ ይተርካል። በ1983 «ቪ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ዊሊ የሚባል፣ እንግሊዝኛው የሚሰባበር፣ ዓይናፋርና ደግ የሌላ ዓለም ፍጡር ሆኖ ሠርቶ አገር ወዶት ነበር። የአሜሪካ ሕዝብ እሱን የሚያውቀው በዚህ የዋህነቱ ነው።

የፍሬዲን ቦታ መጀመሪያ ያገኘው እንግሊዛዊው ዴቪድ ዋርነር ነበር፤ ሳይሆንለት ቀረ። ክሬቨን የሚፈልገው ግዙፍ ሰው፣ ምናልባትም አደገኛ ትዕይንት ላይ የሚወድቅ የሚነሳ ባለሙያ ነበር። ኢንግሉንድ ግዙፍ አይደለም። ለፈተና ሲሄድ ፀጉሩን በቅባት ለጥፎ፣ ከዓይኑ ሥር የሲጋራ አመድ ቀብቶ ገባ፤ ክሬቨን ሲያወራ እሱ ብዙ ሳይናገር አፍጥጦ ያየው ነበር። ክሬቨን በኋላ ሲናገር፣ ሌሎቹ ተዋንያን ክፋቱን ሲሸሹት ይህ ሰው በደስታ ገባበት ብሏል።

ቁልፉ ይህ ደስታ ይመስለኛል። ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ቲና ሌሊት በጓሮ በኩል ወጥታ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ፍሬዲን የምታገኝበት ትዕይንት አለ። ሁለት ክንዶቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው እስከ ግድግዳዎቹ ይደርሳሉ። ያ ክንድ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከላይ ተንጠልጥሎ የሚጎተት የውሸት ክንድ ነው፤ ዛሬ ላየው ሰው ያስታውቃል፤ እጅጌው ባዶ እንደሆነ ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፍሬዲ የግራ እጁን ጣቶች ወደ ፊቷ አቅርቦ በቢላው ይቆርጣቸዋል። ከተቆረጠው አረንጓዴ ፈሳሽ ይረጫል። ይህም ርካሽ ነው። ግን ፊቱን እዩት። አንገቱን ጠምዘዝ አድርጎ፣ እንደ ልጅ አዲስ ጨዋታ ሲያሳይ፣ አየሽ? ይላል ዓይኑ። ሌሎች ገዳዮች ሰው ሲገድሉ ሥራ ላይ ናቸው፤ ይሄ በዓል ላይ ነው።

ከዚያ ትከሻው። ጓንቱ ብረት ነው፤ ይከብዳል። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ክብደቱን ለመደበቅ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ኢንግሉንድ ለቀቀው። ቀኝ ትከሻው ወደ ታች ወረደ፣ እግሮቹ ተከፈቱ፣ እጁ እንደ ካውቦይ ሽጉጥ ለመምዘዝ የተዘጋጀ ሆኖ ጎኑ ላይ ቀረ። አቋሙን ከድሮው ተዋናይ ከጄምስ ካግኒና ከክላውስ ኪንስኪ «ኖስፈራቱ» እንደቀዳ ተናግሯል። ውጤቱ ግን የራሱ ነው። ካሴታችን ፊቱን በማያሳይበት፣ ከጥላ በቀር ምንም በማይታይበት ጊዜ እንኳ ከዚያ ከወረደ ትከሻ እናውቀው ነበር። የሰፈር ልጆች ፍሬዲን ስንጫወት ቢላ አያስፈልገንም፤ ባርኔጣም አያስፈልገንም። አንድ ትከሻ ጣል ማድረግ ይበቃል፤ ታናናሾቻችን ይሮጣሉ።

ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ ከፊልም ሰዎች ተረክ ሁሉ በጣም የምወደው ነው። በ1985 ሁለተኛው ክፍል ሲሠራ ኒው ላይን ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ኢንግሉንድን ተወው። ፊቱ በፕላስቲክ ተሸፍኗል፣ ባርኔጣ ደፍቷል፣ ማን ያውቃል? አንድ ሌላ ሰው አልብሰው ቀረጹ። ቀረጻውን ሲያዩት ሰውዬው እንደ ግንድ ይንቀሳቀሳል። ልብሱ ያው፣ ፊቱ ያው፣ ጓንቱ ያው፤ ፍሬዲ ግን የለም። ኢንግሉንድን ጠርተው ዋጋውን ከፈሉት።

የ«ሃሎዊን»ን ማይክል ማየርስ ወይም የ«ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ»ን ጄሰን የተጫወቱት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከጭንብሉ ሥር ማን እንዳለ ተመልካቹ ግድ አልሰጠውም። እነሱ ጭንብል ናቸው። ኢንግሉንድ ዴቪድ ሚለር የሠራለትን የተቃጠለ ፊት ለመልበስ ከ3 ሰዓት በላይ ይቀመጥ ነበር፤ ተጣብቆ ካለቀ በኋላ ግን ፊቱ ይሠራል፤ ከንፈሩ፣ ቅንድቡ፣ ዓይኑ ይናገራል። አንድ ቀን ሙጫና ላስቲክ ተሸክሞ በሙቀት ሲነፍር፣ ናንሲን የምትጫወተው ሄዘር ላንገንካምፕና ጆኒ ዴፕ ፊት ለፊቱ ቆመው የመኳኳያ ሠራተኞች ሲሽሞነሙኗቸው አየ። ወጣቶች ናቸው፣ ቆንጆዎች ናቸው፣ ዕድሜ ከፊታቸው ነው። ቅናት ያዘው። ወዲያው፣ ይህን ነገር ለፍሬዲ ልጠቀምበት አለ። የዚያ ገዳይ ጥላቻ ከየት እንደመጣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው የገባኝ። ሼክስፒርን መጫወት የሚችል፣ 37 ዓመት የሞላው አጃቢ ተዋናይ ነው ከላስቲኩ በስተኋላ የሚያየን።

እንግዲህ ገንዘብ ስለሌላቸው ያደረጉትን ልንገራችሁ፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ቲና ጣሪያ ላይ የምትጎተትበትን ትዕይንት ዛሬ ቢሆን በኮምፒውተር ነበር የሚሠሩት። እነሱ ግን አንድ ሙሉ መኝታ ክፍል በእንጨት ሠርተው ትልቅ ዘንግ ላይ እንዲሽከረከር አደረጉት። አልጋው፣ መጋረጃው፣ መብራቱ ሁሉ በምስማር ተመትቷል። ካሜራውም ከነካሜራማኑ ግድግዳው ላይ ታስሯል። ክፍሉን ሰዎች በእጃቸው እየገፉ ያዞሩታል። ተዋናይቷ አማንዳ ዊስ በእውነት የምትሳበው ወለል ላይ ነው፤ ግን ያ ወለል ጣሪያው ነው። ልጅቷ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ጠፍቷት ራሷን አዙሯታል።

በዚሁ ክፍል የጆኒ ዴፕን ሞት ሠሩ። ክፍሉን ገልብጠው፣ አልጋው ላይ ባለው ቀዳዳ በብዙ መቶ ጋሎን የሚቆጠር ቀይ ውሃ ከላይ ለቀቁ። ካሜራው ስለተገለበጠ ለተመልካቹ ደም ወደ ላይ የሚፈነዳ ይመስላል። ውሃው ክብደት አለው፤ ይህን በቅጡ ያሰበበት አልነበረም። ደሙ ወደ አንድ ጎን ሲሰበሰብ ክፍሉ ከሰዎቹ እጅ አምልጦ በተቃራኒው ዞረ፤ ውሃው የመብራት ሽቦ ላይ ፈሰሰ፤ ሁሉም ጨለመ። ክሬቨንና ካሜራማኑ ጃክ ሃይትኪን በመኪና ወንበር ቀበቶ ታስረው፣ በቀይ ውሃ ርሰው፣ ቁልቁል ተንጠልጥለው ቀሩ። ሰው አልተጎዳም። ደሙ በድንገት ወደ ጎን የሚጎርፍበት የፊልሙ ቅጽበት ያ አደጋ ነው፤ አልጣሉትም። ለመድገም ገንዘብ የለማ።

የገንዳዋ ትዕይንትም ከዚሁ ወገን ነው። ናንሲ ገላዋን እየታጠበች ታንቀላፋለች፤ በሁለት ጉልበቶቿ መካከል ጓንቱ ቀስ ብሎ ከውሃው ይወጣል። እጁ የኢንግሉንድ አይደለም፤ የልዩ ትዕይንት ባለሙያው ጂም ዶይል ነው፤ ወለሉ በተቀደደ ገንዳ ሥር ውሃ ውስጥ ተሸሽጓል። አራት ቢላና አንድ ልጅ፤ ሌላ ምንም የለም። እኔ በልጅነቴ ከፊልሙ ሁሉ በጣም የፈራሁት ይህን ነው፤ ጉለሌ ውስጥ ያኔ ገላችንን በሳፋ እየታጠብን።

ስለ ናንሲ ትንሽ ልበል። ላንገንካምፕ የተጫወተቻት ይህች ልጅ ቆማ የምትጮህ አይደለችም፤ ወጥመድ ትሠራለች፣ መጽሐፍ ታነባለች፣ ሰውዬውን ከሕልም ጎትታ ወደ ቤቷ ታመጣዋለች። እናቷ በሌላ በኩል ጠርሙስ ደብቃ ትጠጣለች፤ መስኮቱን ሁሉ በብረት አጥራ ልጇን ቆልፋባታለች። ኋላ ምድር ቤት ይዛት ወርዳ ከማሞቂያው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታወጣለች። የፍሬዲ ጓንት ነው። ሰውዬውን ያቃጠሉ ዕለት ወስዳ አስቀምጣዋለች። የአባት ዕዳ ለልጅ ማለት ይህ ነው። በደርግ ማግስት ባደግንባቸው ቤቶች ውስጥም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ወሬ የሚቀየርበት የወጣት ፎቶግራፍ ነበር። ከአንድ በላይ ቤት ውስጥ አይቻለሁ። ትልልቆቹ የሚደብቁትን ልጆች በሕልማቸው ያገኙታል የሚለውን ነገር ማንም ሳያስረዳን ገብቶን ነበር ብዬ አስባለሁ።

የተከታታዮቹን ነገር ባጭሩ ማለፍ ይሻላል። በ1987 የወጣው ሦስተኛው ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬዲ ቀልደኛ ሆነ፤ ከእያንዳንዱ ግድያ በፊት የሚናገረው ቧልት ይጻፍለት ጀመር፤ አሻንጉሊት ሆኖ ተሸጠ፤ የራሱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ወጣለት። ጥፋቱ የተዋናዩ አይደለም፤ ቧልቱን እንኳ ያሳመረው እሱ ነው፤ ግን የሚያስቅ ሰው አያስፈራም። ክሬቨን በ1994 ተመልሶ «ኒው ናይትሜር»ን ሲሠራ ኢንግሉንድን ሁለት ሰው አደረገው፤ ፍሬዲን ይጫወታል፣ ራሱን ሮበርት ኢንግሉንድንም ይጫወታል፤ ጨዋ፣ ሳቂታ፣ አድናቂ የከበበው ሰው። በ2003 ለመጨረሻ ጊዜ በሲኒማ ጓንቱን አጠለቀ። በጠቅላላው ስምንት ፊልም ነው።

በ2010 ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ በሆነ ገንዘብ እንደገና ሠሩት። ጃኪ ኧርል ሄይሊ መጥፎ ተዋናይ አይደለም፤ በሌላ ፊልም አድናቂው ነኝ። ግድግዳው ውስጥ ፍሬዲ ገፍቶ የሚወጣበትን ትዕይንት ሁለቱን ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ። በ1984ቱ አንድ ሰው ከሚለጠጥ ጨርቅ በስተጀርባ ቆሞ ይገፋል፤ ናንሲ ከሥሩ ተኝታለች፤ ግድግዳው ፊት ያወጣል። በ2010ሩ ኮምፒውተር ነው። የመጀመሪያው አሁንም ፀጉር ያቆማል፤ ሁለተኛው ሥዕል ነው። ጨርቁ ውስጥ ሰው አለበት፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ክሬቨን በነሐሴ 2015 በ76 ዓመቱ አረፈ። ኢንግሉንድ አሁን ሽማግሌ ነው። የዛሬ ወጣቶች በ2022 «ስትሬንጀር ቲንግስ» አራተኛ ክፍል ላይ ዓይኖቹ ጠፍተው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ የተዘጋበትን ቪክቶር ክሪልን ካያችሁ፣ ያ ሽማግሌ እሱ ነው። ጥቂት ደቂቃ ነው የታየው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ በድምፅና በጣቶቹ ብቻ ይተርካል። እዚህም የሰጡትን አጭር ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወስዶታል።

የአገራችን ፊልም ሠሪዎች ገንዘብ የለም ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ከአሥር ፊልም ዘጠኙ ፍቅርና ቀልድ ከሚሆን፣ አንዱ እንኳ ዱካክን ቢሞክረው እላለሁ። ታሪኩ በየቤቱ ተኝቷል። ከካሜራ ኪራይ በፊት ግን ተዋናዩን ፈልጉ፤ መልክ ሳይሆን አካሄድ ያለውን፤ የትያትር ቤት መድረክ ላይ ትከሻውን ማዘዝ የተማረውን።

ላላየው አንባቢ ደግሞ፦ የ1984ቱን ፈልጋችሁ እዩት። በስልክ አትዩት፤ ማታ፣ ከሰው ጋር፣ መብራት አጥፍታችሁ። የመጨረሻዋን አንዲት ደቂቃ ይቅር በሏት፤ ክሬቨን ሊዘጋው የፈለገው እንደዚያ አልነበረም፤ አምራቹ ሼይ ነው ለሚቀጥለው ክፍል በር ክፈት ያለው። ሦስተኛውን ከወደዳችሁ እዩ። የ2010ሩን ተዉት።